ከፈትል ፋብሪካ እስከ ኦሊምፒክ፤ የወይዘሪት ማሳኤ ካሳይ ታሪክ

ሴት ልጅ በአደባባይ ስትሮጥና ኳስ ስትመታ መታየቷ በብዙ አገር ለረጅም ዘመን እንደ ነውር ሲቈጠር ኖሯል። ነገር ግን የጃፓናዊቷ የማሳኤ ካሳይ ታሪክ አባትንም እናትንም የሚያሳስብ ቁም ነገር ስላለበት፣ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

ይህች ሴት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1933 ዓመት በያማናሺ አውራጃ ተወለደች። ካደገችም በኋላ ኒቺቦ በሚባለው የፈትል ኩባንያ ሥራ ገባች። ኩባንያው በኦሳካ አቅራቢያ በካይዙካ በነበረው ፋብሪካው ለሴቶች ሠራተኞቹ የመረብ ኳስ ጓድ አቋቁሞ ነበርና፣ እርሷ የዚያ ጓድ አለቃ ለመሆን በቃች። አሠልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ቀድሞ በጦር ሜዳ የዋለ፣ በሥራው እጅግ ብርቱ የሆነ ሰው ነበር። ልጆቹ ቀን በሥራቸው ላይ ውለው፣ ወደ ማታ ልምምዳቸውን ይጀምሩና እስከ እኩለ ሌሊት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አሳልፈው ይቈዩ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ኳሱ ከእጃቸው ርቆ ሲመጣ በመሬት ላይ ተወርውረው ከመለሱት በኋላ፣ በትከሻቸው ተንከባልለው ወዲያው በእግራቸው መቆማቸው ነው።

በ1962 ዓመት በሞስኮ በተደረገው የዓለም ውድድር ሶቪየቶችን በገዛ አገራቸው ድል አደረጉ። ከድሉ በኋላ ግን ብርቱ ጥያቄ መጣ። ካሳይ 29 ዓመት ሆኗት ነበር፤ በዚያ ዘመን በነበረው የጃፓን ልማድም የጋብቻ ጊዜ አለፈባት የምትባል ነበረች። ልጆቹ ጨዋታውን ትተው ትዳር ለመያዝ ቢያስቡም፣ የ1964 ዓመት ኦሊምፒክ በቶኪዮ ሊደረግ፣ የመረብ ኳስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገባበት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ እንዲቈዩ ለመናቸው። እነርሱም የራሳቸውን ነገር ወደ ኋላ አድርገው ቈዩ።

በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 1957 ዓመተ ምሕረት፣ ይኸውም የአገራችን ጀግና አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ በማራቶን ሩጫ ድል ባደረገ በሁለተኛው ቀን፣ ጃፓኖችና ሶቪየቶች ለመጨረሻው ግጥሚያ ተገናኙ። ከ12ቱ የጃፓን ተጫዋቾች 10ሩ የዚያ ፋብሪካ ልጆች ነበሩ። ጨዋታውንም 15 ለ 11፣ 15 ለ 8፣ በመጨረሻም በብርቱ ትግል 15 ለ 13 አሸንፈው የወርቁን ሜዳልያ ወሰዱ።

እንግዲህ ስለ ሕዝብ ብላ ትዳሯን ላዘገየች ልጅ ሕዝቡ ምን መለሰላት? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤይሳኩ ሳቶ ራሳቸው እንደ ሽማግሌ ሆነው ከአንድ የጦር መኰንን ጋር አስተዋወቋትና፣ በ1965 ዓመት ተጋቡ። ከዚያም በኋላ ጨዋታውን ለቤት እመቤቶች ስታስተምር ኖራ፣ በ2013 ዓመት በ80 ዓመቷ ዐረፈች።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የአገር ክብርም እንዲሁ ነው፤ በጥቂት ልጆች ትከሻ ላይ ብቻ ሲጫን ይከብዳል። ስለዚህ ልጆቻችን ስለ አገር እንዲደክሙ ስንለምናቸው፣ የሚተዉትን ነገር አስቀድመን እንቍጠር፤ ድሉ ከተገኘ በኋላም ዕዳችንን አንርሳ።