ቤቱን የሚያስጨንቀው ማን ነው? የፍቅር ልብ ወለድን ለሚነቅፉ የተሰጠ መልስ



መጽሐፍን ሳያነቡ መንቀፍ ቀላል ነው፤ አንብቦ መንቀፍ ግን ድካም አለበት። ሰሞኑን ከአሜሪካ በመጣች በአንዲት ወጣት ተሳላሚ እጅ መንፈስ ስለ ሰፈረበት ቤት የሚተርክ የፍቅር ልብ ወለድ ስለ ታየ፥ ከመካከላችን አንዳንዶች «ጎልጎታን ሊሳለም የመጣ ሰው የአጋንንት ተረት ይዞ አይመጣም፤ መጽሐፉ ይቃጠል» ብለው ተናገሩ። እኅታችንም አፍራ መጽሐፉን ደበቀችው። እኔ ግን ከእርስዋ ተውሼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ ደስ ብሎኝም አነበብሁት። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ምክንያቴንም እነሆ እገልጻለሁ።

መጽሐፉ «ስታርሊንግ ሃውስ» ይባላል፤ የስታርሊንግ ቤት ማለት ነው። ደራሲዋ አሊክስ ሃሮው የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ የታተመውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኬንተኪ ግዛት ኤደን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ስሟ የገነት ስም ይሁን እንጂ ከተማዪቱ በድንጋይ ከሰል የጠቆረች፥ ሕዝቧም የደኸየ ነው። በዚያች ከተማ ኦፓል የምትባል እናቷ የሞተችባት ወጣት ጃስፐር የተባለውን ታናሽ ወንድሟን በአንድ የሞቴል ክፍል ውስጥ ታሳድጋለች። ወንድሟን በመልካም ትምህርት ቤት ለማስገባት ገንዘብ ስለ አስፈለጋት፥ የከተማው ሰው ሁሉ በሚፈራው ቤት ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። በዚያ ቤት አርተር የሚባል ሰው ብቻውን ይኖራል፤ ጉም በሚወርድበት ሌሊት ከምድር በታች የሚወጡትን አራዊት በሰይፍ የሚከላከል እርሱ ነው። ሁለቱም ቀስ በቀስ ይዋደዳሉ፤ የቤቱም ምሥጢር ቀስ በቀስ ይገለጣል።

ወንድሙን ወይም እኅቱን ለማስተማር የሰው ቤት የምትጠርግ ልጅ! ይህን ታሪክ ከእኛ ወገን እንግዳ ነው የሚል ማን ነው? በቤሩት፥ በሪያድ፥ በዱባይ ከልጆቻችን ስንቶቹ የማያውቁትን ሰው ወለል እያጠቡ ለታናናሾቻቸው የትምህርት ገንዘብ ይልካሉ? እንግዲህ እኅታችን መጽሐፉን የወደደችው ጋኔን ስለ ወደደች አይደለም። ሁልጊዜ በወጥ ቤት በር የምትገባዋ ሠራተኛ በዚህ መጽሐፍ የታሪኩ እመቤት ሆና ስለ አገኘቻት ነው። ቤትን የሚያውቀው ባለቤቱ ሳይሆን የሚጠርገው ነውና።

ነቃፊዎች በመጀመሪያ «አጋንንትና ፍቅር በአንድ መጽሐፍ መገናኘታቸው ርኩሰት ነው» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ መጽሐፈ ጦቢትን ምን ልናደርገው ነው? በራጉኤል ቤት አስማንድዮስ የተባለ ክፉ ጋኔን ሰፍሮ ሰባት ሙሽሮችን በጫጉላቸው ሌሊት ገደለ። ስምንተኛው ጦብያ ሣራን ባገባ ጊዜ አማቱ ራጉኤል በዚያው ሌሊት ተነሥቶ መቃብር አስቆፈረ። ከዚህ የሚበልጥ የሚያስፈራ ቤት፥ ከዚህስ የሚበልጥ በፍርሃት መካከል የጸና ፍቅር በየትኛው ልብ ወለድ ይገኛል? ቤተ ክርስቲያናችን ግን ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቈጥራ ታነብበዋለች፤ በጳጉሜን 3 ቀንም የመልአኩን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ታከብራለች። እኔ ልብ ወለዱን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አላስተካክልም፤ ነገሩ በራሱ ርኩስ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብቻ ነው።

ሁለተኛም «ፍርሃትን ለደስታ ማንበብ ከንቱ ነው» ይላሉ። ይህ ነቀፋ መልስ የሚገባው ነው። ፍርሃቱ ስለ ፍርሃት ብቻ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ በነቀፍሁ ነበር። ነገር ግን የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ሥራቸው ምን እንደ ሆነ እንመርምር። የመጀመሪያው ተብሎ የሚቈጠረው በ1764 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሆረስ ዋልፖል የጻፈው «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። በዚያ ግንብ ተአምራትና ምትሃት የበዛው የባለቤቱ አያት ጌታውን በመርዝ ገድሎ፥ የሐሰት ኑዛዜ ጽፎ ርስቱን ስለ ወሰደ ነው። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ዓ.ም. ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ በሌሊት የሚሰማው አስፈሪ ሳቅ የመንፈስ ሳቅ አልነበረም፤ ባልዋ በሰገነት ላይ ቈልፎ የደበቃት የሕያዊት ሚስት ድምፅ ነበር። ዳፍኒ ዱ ሞሪየር በ1938 ዓ.ም. በጻፈችው «ርብቃ» ውስጥም አዲሲቱን ሙሽራ የምታስጨንቀው ሟች በባልዋ እጅ የተገደለች ሴት ሆና ትገኛለች። ከዚህ የምንረዳው በእነዚህ ቤቶች ሁሉ የሰፈረው መንፈስ ያልተናዘዙት በደል መሆኑን ነው።

በስታርሊንግ ቤትም እንደዚሁ ነው። ከጉሙ ውስጥ የሚወጡት አራዊት ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ከተማዪቱን የሚገዛው ግሬቭሊ የተባለው ቤተ ሰብ ሀብቱን ያገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ከከሰሉም ሥር የባሮች ደምና ድካም፥ ግፍ የተቀበለች የአንዲት ሴትም እንባ አለ። በኬንተኪ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ቢሻርም የተበላው ድካም አልተመለሰም። የከተማው ሰው ታሪኩን እያንዳንዱ ለራሱ እንደሚመቸው ይተርከዋል፤ ሁሉም አራዊቱን ይፈራል፤ አራዊቱን የጠራውን ነገር ግን አንዱም ሊጠራው አይወድም። እውነቱን ሁሉ ሰብስባ የምትጠይቀው ያቺ ጽዳት ሠራተኛ ናት።

አባቶቼ ሆይ፥ ይህ ትምህርት የተረት ጸሐፊዎች ፈጠራ ነውን? ኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ ቤት ለምጽ ሲወጣበት ካህኑ ሄዶ ግድግዳውን እንዲመረምር፥ ሰባት ቀንም እንዲዘጋው፥ የተበከለውን ድንጋይ እንዲያስወጣ፥ ካልዳነም ቤቱን እንዲያፈርሰው ያዝዛል። ካህኑ ረጭቶ እንዲመለስ ብቻ አልታዘዘም፤ አስቀድሞ እንዲመረምር ታዘዘ። ነቢዩ ዕንባቆምም በግፍ በተሠራ ቤት ላይ የግንቡን ድንጋይ ምስክር አድርጎ ያቆመዋል። አክዓብም የናቡቴን የወይን ቦታ ሊወርስ በወረደ ጊዜ ኤልያስን በዚያው አገኘው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ተሳላሚው መጥቶ «አባ፥ ቤቴ ሰላም የለውም፤ ሌሊት ኮቴ ይሰማል፤ ልጆቼ ይባንናሉ» ሲለን ጠበል እንሰጠዋለን፤ የዮርዳኖስን ውሃ በጠርሙስ፥ የመቃብሩንም ሻማ በጥቅል ይዞ ይሄዳል። መልካም ነው፤ በረከት ነው። ነገር ግን ከመካከላችን «በቤትህ ውስጥ ደመወዟን ያልከፈልሃት ሠራተኛ አለችን? ከወንድምህ የነጠቅኸው ቦታ አለን? ከገጠር አስተምራታለሁ ብለህ አምጥተህ ፊደል ያላስቈጠርሃት ልጅ አለችን?» ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? በ2020 ዓ.ም. በሊባኖስ ገንዘብ በጠፋ ጊዜ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ በቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ይህን ስንሰማ አለቀስን፤ ባዕዳንንም ረገምን። በገዛ ቤታችን ከጓዳው ጥግ በጆንያ ላይ የምትተኛውን ግን አላየንም። ልብ ወለዱ የጠየቀውን እኛ ካልጠየቅን፥ ሊቃጠል የሚገባው መጽሐፉ ነውን ወይስ ዝምታችን?

የመጽሐፉንም ጉድለት አልሸሽግም። የሁለቱ ፍቅር በተክሊል ሥርዓት የታሰረ አይደለም፤ ደራሲዋም ክፉውን ነገር በሰይፍና በድፍረት እንጂ በጸሎት ልታሸንፈው አላሰበችም። ጦብያና ሣራ ግን ተነሥተው ጸለዩ። ጌታችንም ተጠርጎ አጊጦ ባዶ ስለ ቀረው ቤት፥ ርኩሱ መንፈስ ከእርሱ የከፉ ሰባት ይዞ ስለሚመለስበት፥ አስተምሮናል። ስለዚህ እውነትን ማወቅ ቤቱን መጥረግ ነው እንጂ ገና መሙላት አይደለም። ደግሞም ይህን የምጽፈው ተሳላሚው ዕረፍት ባገኘበት ሰዓት ስለሚያነበው ነው እንጂ መነኰስ ስንክሳሩን ትቶ ልብ ወለድ ይያዝ ለማለት አይደለም።

ነገር ግን ወደ መጽሐፈ ጦቢት እንመለስና ሳናስተውለው ያለፍነውን አንድ ነገር እንይ። ጋኔኑን ከራጉኤል ቤት ያስወጣውን መድኃኒት ያስተማረው ማን ነው? ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ የመጣውም በቅጥር ሠራተኛ አምሳል፥ በቀን አንድ ድሪም ሊከፈለው ተስማምቶ ነው። አባትየው ጦቢት ልጁን በመከረው ምክር የሠራተኛ ደመወዝ በእጁ እንዳያድር አስጠነቀቀው። ሥራው በተፈጸመም ጊዜ አባትና ልጅ ካመጡት ሀብት እኩሌታውን ሊሰጡት ወደዱ። በዚያችም ሌሊት መብራት ይዛ ወደሚያስፈራው እልፍኝ ገብታ ሙሽሮቹ በሕይወት እንዳሉ ያበሠረችው የቤቱ አገልጋይ ናት። እንግዲህ ሠራተኛውን ባልበደለው ቤተ ሰብ እጅ ጋኔኑ ተሸነፈ፤ መልአክም በደመወዝተኛ ልብስ ገባ። ደመወዙን የምንበላበት ሠራተኛ ማን እንደ ሆነ አናውቅምና እንፍራ።

ስለዚህ እኅታችን መጽሐፍዋን ያለ ኀፍረት ታንብብ፤ ባነበበችም ጊዜ ሕሊናዋን ትመርምርበት። እናንተም ተሳላሚዎች ወደ ኢያሪኮ ወርዳችሁ ዘኬዎስ የወጣበትን የሾላ ዛፍ ስታስቡ ይህን አስተውሉ፦ ጌታ ለዚያ ቤት መዳን እንደ ሆነለት የተናገረው ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድኆች፥ ለበደለውም አራት እጥፍ እሰጣለሁ ካለ በኋላ ነው። ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ጠበሉን ከመርጨታችሁ በፊት ሠራተኛችሁን ጠርታችሁ ሒሳቧን ስጧት። ከዚያ በኋላ ርጩት፤ ቤቱም ያርፋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።