የሚሰምጥ ፍሬን

ሰሞኑን በዚህ ዓምድ ስለ ባትሪ ስንነጋገር ከርመናል። የዛሬው ጉዳይ ግን ከባትሪ ይከፋል፤ ባትሪ ቢደክም መኪናው አይነሣም፥ ፍሬን ቢደክም ግን መኪናው አይቆምም።

አንባቢ ሆይ፥ ለመስክ ሥራ ስትላክ የሚደርስህ መኪና አሮጌ ላንድ ሮቨር ሊሆን ይችላል። እኔም ወጣት ጸሓፊ ሳለሁ እንዲህ ባለው መኪና ወደ ጎጃም ስጓዝ፥ ሾፌሩ ፍሬን በያዙ ቍጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡ አይ ነበር፤ ልማዳቸው መስሎኝ ዝም አልሁ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ግን መኪናውን ዳር አስይዘው ወረዱ። ከዚያ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቍልቍለት አለ። እኔ ቀጠሮዬንና ውሎ አበሌን እያሰብሁ፥ «ጋሼ፥ ቀስ ብለን ብንወርድስ?» አልኋቸው። «ልጄ፥ ቍልቍለቱ የትም አይሄድ፤ ነገም እዚሁ ነው» አሉና መፍቻቸውን አወጡ።

ከእሳቸው የተማርሁት ይህ ነው። የለሰለሰ ፍሬን ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም፤ የሚመረምረውም የገዛ እግርህ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን እርገጥ። መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ፥ ሲደጋገም ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፥ ሸራው ከታምቡሩ ርቋልና ማስጠጋት ይበቃዋል። ከፍ ካለም በኋላ እንደ ኳስ እግርህን መልሶ የሚገፋ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። እግርህን አጽንተህ ይዘኸው ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ዘይቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ወይ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፥ ወይም የዋናው ፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ አልቋል። ይኸኛው ለነገ አይባልም። በአብዛኞቹ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች አራቱም ጎማዎች በአንድ የዘይት መሥመር ስለሚታዘዙ፥ አንድ ቱቦ ቢበጠስ አራቱም ይከዳሉ።

የሸራና የአየር ምልክት ከተምታታብህ፥ በየጎማው በስተጀርባ ባለው ማስተካከያ ብሎን ሸራዎቹን ጎማው አልዞርም እስኪል አጥብቅና ፔዳሉን እርገጥ። አሁን ከጠነከረ ጥፋቱ የሸራው ርቀት ነበር፤ ጎማው በነጻ እስኪዞር መልሰህ አላላው። አሁንም ከለሰለሰ አየር ወይም ሲረገጥ የሚያብጥ ያረጀ ቱቦ ፈልግ። ረዥሙ ላንድ ሮቨር፥ ባለ 109 ኢንቹ፥ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሁለት ማስተካከያ አለው፤ አንዱን ብቻ ነክቶ «አስተካከልሁ» የሚል መካኒክ አጋጥሞኛል።

ጎማ በክሪክ ስታነሣ የእጅ ፍሬኑን አትመን። በእነዚህ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው፤ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲለቅ መኪናው ሊንከባለል ይችላልና ድንጋይ አስደግፍ።

ዘይቱ ሲጐድልም የሞተር ዘይት አትጨምር፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በረዥም ቍልቍለት ታምቡሩ ሲግል ይህ ዘይት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ፔዳሉ ጠንክሮ ሳለ መኪናው አልቆም ካለ ግን የጋለው ሸራው ነው።

የእኛው መኪና ፔዳል ሲይዙት የሚሰምጥ ነበር። የኋላው ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል በዘይት ርሶ ተገኘ። ጎሚኒው በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሌሊት ጎሐ ጽዮን አደርን፤ ቀጠሮዬም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልን ወረድን፤ ጋሼም ፍሬኑን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይረግጡ ነበር።