ለማሽኑ ሥራ ሲሰጥ ለእኛስ ምን ተዘጋጀ?



በየሱፐርማርኬቱ ደንበኛው ራሱ ዕቃውን እያሳየ የሚከፍልባቸው ማሽኖች መቆማቸውን ሁላችሁም ታያላችሁ። ስልክ ስንደውልም ብዙ ጊዜ የሚመልስልን ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። አሁን ደግሞ በዕብራይስጥ «ቢና መላኹቲት»፣ በአማርኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጥቷል። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ደብዳቤ የሚጽፍና የሚተረጉም ማሽን በየስልካችን ገብቷል።

«ይህ የምሁራን ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን ይመለከተናል እንላለን። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በጥር 2024 ባወጣው ጥናት፣ በበለጸጉ አገሮች ከሥራዎች 60 በመቶ ያህሉን ይህ ነገር እንደሚነካቸው፣ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ሊጎዱ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2023 ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጠው የጽሕፈት ቤት ሥራ መሆኑን፣ በዚህም ሴቶች ከወንዶች ይልቅ እንደሚነኩ ገልጿል። እናቶቻቸው በጽዳት ሥራ አሳድገዋቸው፣ ተምረው ቢሮ የገቡ ሴት ልጆቻችን የተቀመጡበት ወንበር ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ በፊትም አይተናል። በ1990ዎቹ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሥራቸውን ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ ሲያዛውሩ ብዙ ሠራተኞች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ዕድሜው ለገፋና ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችል ሰው ሌላ ሥራ ማግኘት ከባድ ነበር። ከዚያ የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ ሥልጠና መምጣት ያለበት ሥራው ከሄደ በኋላ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት ነው።

የአስተርጓሚዎቻችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ማሽኑ ጥቅም የለውም አንልም። ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ በስልክ ተተርጉሞ ሲነበብ ለብዙ እናቶች እፎይታ ነው። ነገር ግን ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ ከእንግሊዝኛውና ከዕብራይስጡ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። አንዲት እናት ለሐኪም «ሆዴ ባባ» ብትል ማሽኑ የሆድ ሕመም አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። ሰው የሆነ አስተርጓሚ ግን ማዘኗን ያውቃል፤ ፊቷንም ያያል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲስተናገድ አዟል። ይህ መብት «ማሽን አለ» ተብሎ ሊቀነስ አይገባም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ ሊሽካት ታዓሱካ ሥራቸው አደጋ ላይ ለሆነ ሠራተኞች በቀላል ዕብራይስጥና በአማርኛ፣ ለቤተሰብ ኃላፊ በሚመች ሰዓት ሥልጠና ያዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በሆስፒታል፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮና በፍርድ ቤት ሰው የሆነ አስተርጓሚ አይነሣ። ሦስተኛ፣ አዲስ ማሽን የሚያስገባ አሠሪ ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ሌላ የሥራ ቦታም ይፈልግላቸው።

ከመንግሥት ስንጠይቅ የራሳችንንም ድርሻ አንርሳ። ውድ ወላጆች፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ልጃችሁ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ስንት የሂዶት እንደተመደበ ጠይቁ። «ለእርሱ ሦስት ይበቃዋል» ቢሏችሁ «ለምን?» በሉ። የቤት ሥራውን ማሽን የሚሠራለት ልጅ ምንም እንደማይማር እኛ መምህራንን የምናሠለጥን ሰዎች በሚገባ እናውቃለን። ማሽኑን እንዲጠይቀው እንጂ እንዲተካው አትፍቀዱ። ሥራ ላይ ያላችሁም፣ በሥራ ቦታችሁ የሠራተኛ ኮሚቴ ካለ ግቡበት፤ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር። ጭሱ አሁን እየታየ ነው።