ዴዴሳን በቀን እለፉት፤ ስታድሩ ግን ከፍ ያለ ቦታ እደሩ

 

በዚህ ሳምንት በኢንቦክስ የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ለጠያቂው ብቻ መልሼ ልተወው አልፈለግኩም። ለገና ወደ ወለጋ በመኪና የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ጠያቂው ሚኒያፖሊስ የሚኖር አባት ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቁ 9 ዓመቱ፣ መካከለኛዋ 5፣ ትንሿ ገና 11 ወሯ ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና ተከራይተው፣ እዚህ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ያሉትን የልጆቹን አኮ (አያታቸውን) ስመው፣ ከዚያ ወደ ደምቢ ዶሎ ሊቀጥሉ አስበዋል። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ልጆቹ እዚህ ድንኳን ይዞ መውጣት ለምደዋል። አንድ ሌሊት ዴዴሳ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን ብናድርስ ምን ይላሉ? እኔ ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ወንዝ ነው።»

መልሴ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። ወንዙን አሳያቸው፣ ፎቶ ተነሱ፣ ታሪክህን ንገራቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ከሸለቆው ውጡ።

ምክንያቱን ላስረዳ። እኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ማደሪያ ሲመርጥ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። አልጋው ስንት ነው? ምግቡ ጥሩ ነው ወይ? ለመኪናው ግቢ አለው ወይ? በቃ። «ይህ ከተማ ቆላ ነው ወይስ ደጋ?» ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ግን በወለጋ መንገድ ላይ ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። የወባ ትንኝ ሥራዋን የምትሠራው በሌሊት ነው። ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት ትነክሳለች። በቆላ ውስጥ በቀን 2 ሰዓት ቆሞ ምሳ መብላትና እዚያው አንድ ሌሊት መተኛት ስለዚህ እኩል አደጋ አይደለም። የአዳር ቦታ መረጣችሁ ማለት ለወባ ምን ያህል እንደምትጋለጡ መረጣችሁ ማለት ነው።

አያቶቻችን ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቁት ነበር። ደገኛው ቆላ ያለውን እርሻውን ቀን ወርዶ ያርስና ሲመሽ ሽቅብ ወጥቶ ይተኛ ነበር። «የቆላው አየር ይዞኝ ይሄዳል» ነው የሚሉት። ምክንያቱን ቢስቱም፣ የሚያደርጉት ነገር ልክ ነበር። እኛ ምክንያቱን አውቀን ልማዱን ተውነው።

እስቲ መንገዱን አብረን እንሂድበት። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ናት፤ ለአዳር ምቹ ናት። ከጉደር ወደ ጌዶ ስትወጡ 2,500 ሜትር ድረስ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ብርዱን እንጂ ወባን አታስቡ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መንገዱ እየወረደ ወደ ባኮ ይሄዳል፤ ባኮ 1,650 ሜትር አካባቢ ነው፣ የጊቤ ውሃ በቅርቡ አለ፣ በቆሎው የታወቀ ነው፣ ሙቀቱም እንደዚያው። በቆሎ ጠብሳችሁ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ነቀምቴ ቀጥሉ። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር ትንሽ በላይ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሳ ቤተሰብ እየተዝናና ቢመጣም፣ መንገዱ ደህና ከሆነ ሳይመሽ ቡርቃ ጃቶ ገብቶ ቡናውን ይጠጣል።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከል ላይ ወደ ዴዴሳ ትወርዳላችሁ፤ ከነቀምቴ ብርድ በኋላ መስኮት የሚያስከፍት ሙቀት ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ደግሞ ወደ ጊምቢ ትወጣላችሁ። ወደ በደሌ የሚሄድም ቢሆን ከአርጆ ደጋ ወርዶ ያንኑ ዴዴሳን ይሻገራል። በዚያ በኩል ደግሞ ለስኳር አገዳ የሚለማ መስኖ አለ። መስኖ ባለበት ቦታ ውሃ በበጋም ስለማይጠፋ «ዝናቡ ስላቆመ ትንኝ የለም» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። ወደ ቡሬ የሚወጣውም በአንገር ሸለቆ ያልፋል፤ ያም ቆላ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ዶክተር፣ እያካበድክ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት መመዝገቡን ገልጿል። ከታማሚዎቹ 44 በመቶው ኦሮሚያ ውስጥ ነበሩ። ወባ ደግሞ ዋና ወቅቱ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው። ማለትም ልክ እናንተ ለበዓል የምትመጡበት ሰሞን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ በህዳር ወር ከዘመድ ሠርግ ሲመለስ መኪናው ቆላው ላይ ተበላሸበት። መካኒክ እስኪመጣ መሸ። እዚያው ባገኙት አልጋ አደሩ፤ አጎበር አልነበረም። በማግሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፣ ሁሉም ደህና። ከ12 ቀን በኋላ የ6 ዓመቱ ልጅ ትኩሳት ጀመረው። ክሊኒክ ተወሰደ፣ ደም ታየ፣ «ታይፎይድ ነው» ተባለና መድኃኒት ተሰጠው። በአራተኛው ቀን እናትየው ስልክ ደወለችልኝ፤ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ያንቀላፋል፣ ስሙን ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም። እኔ የጠየቅኳት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ባለፈው ወር የት የት አደራችሁ?» ዝም አለች። ከዚያ «ውይ! ያቺ ሌሊት…» አለች። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ወሰዱት። ፋልሲፓረም ወባ ነበር፣ ወደ ከባዱ ደረጃ ገብቶ። የአርቴሱኔት መርፌ ተጀመረለት። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፤ ግን ሌላ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ምን ልጽፍላችሁ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ክሊኒኩን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ልጅ ወባን ቀድሞ የሚያስብ ባለሙያ ብዙ አይደለም፤ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ጭራሽ። ወባ ከነከሰችው ሌሊት አንስቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው የሚታየው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ያን ጊዜ መንገደኛው ቤቱ ገብቷል፣ ሻንጣው ተፈትቷል፣ ጉዞው ተረስቷል። ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ማንም ሰው ትኩሳት ከጀመረው፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ወለጋ ሄደን ነበር፣ እዚህ እዚህ አድረናል፣ ወባ ይታይልን» በሉ። በዚያው ቀን። «ነገ እናየዋለን» የለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ፤ ወደ ዘመድ። የመንገድ ሆቴል መተው ቀላል ነው። ቆላ ውስጥ የምትኖር አዳዳ (አክስት) ግን አለችባችሁ። ዶሮ ሠርታ፣ ቅቤ አቅልጣ፣ አልጋዋን ለእናንተ ለቃ መሬት ላይ ልትተኛ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። «ሳታድሩማ አትሄዱም!» ትላለች። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እኔም በዚህ ምክንያት የተቀየሙኝ ዘመዶች አሉ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቀድማችሁ ደውሉና ለእራት ሳይሆን ለምሳ ቅጠሩ። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ቀኑን ሙሉ ዋሉ፣ ቡናው ሦስተኛው ድረስ ይፈላ። 10 ሰዓት ሲሆን ተነሱ። የግድ ማደር ካለባችሁ ደግሞ አጎበሩን ከእናንተ ጋር ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትሄዱም ለእሷ ትታችሁላት ሂዱ። «እኛ እዚህ ተወልደን አድገን ምን ሆንን?» ትላችሁ ይሆናል። እውነቷን ነው፤ ብዙ ጊዜ የታመመ ሰው አካሉ በተወሰነ ደረጃ ይለምዳል። አዲስ አበባ ወይም ሚኒያፖሊስ የተወለደ ልጅ ግን ያ ልማድ የለውም። አባቱም ቢሆን ከ15 ዓመት በኋላ የለውም፤ አካል ይረሳል። ዴዴሳ ዋኝቼ አድጌያለሁ ማለት ዛሬ ክትባት አይሆንም።

ከፍታ ዋስትና ነው እያልኩ እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። በፈረንጆች 1958 በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ ቦታዎችን ሁሉ ነክቶ ነበር፤ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ተጽፏል። ስለዚህ ነቀምቴ ስታድሩም በዚህ ወቅት አጎበር ተጠቀሙ። ደምቢ ዶሎና ጊምቢ ደግሞ ከነቀምቴ ዝቅ ስለሚሉ እዚያ አጎበር የግድ ነው። ልዩነቱ አጎበር ባይኖር፣ ቢቀደድ፣ ልጁ ሌሊት ተገላብጦ እግሩን ቢያወጣ፣ በደጋ የሚከፈለው ዋጋ ያነሰ መሆኑ ነው።

«ድንኳን ፈጽሞ አይሆንም ማለት ነው?» ለሚል፣ አይደለም። ከአምቦ ብዙም የማይርቀው የወንጪ ሐይቅ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ የተመረጠ ቦታ ነው። ወባ አታሰጋችሁም። እዚያ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ብርዱና ከሰሉ። ሌሊቱ ሲከብድ ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ ድንኳኑ ወይም ወደ ክፍሉ ያስገባል። «ፍም ሆኗል እኮ፣ ጭስ የለውም» ይላል። ጭስ የሌለው ፍም ነው ገዳዩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ቤተሰብ ተኝቶ እንደተኛ ይቀራል። የቡና ምድጃም ቢሆን ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ ይውጣ። ሞተር አስነስቶ መኪና ውስጥ መተኛትም ያው ነው። ለ11 ወር ህፃን ደግሞ ወንጪ ላይ በድንኳን ማደር አልመክርም፤ ህፃን ቶሎ ይበርደዋል፣ «በረደኝ» ብሎም አይናገርም።

ወንዝ ዳር ማደር ከወባውም ሌላ ችግር አለው። ጉማሬ ባለበት ወንዝ ጉማሬው ሳር ለመጋጥ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ድንኳናችሁን መንገዱ ላይ እንደተከላችሁ አያውቅላችሁም።

«እንግዲያው አናድርም፣ ሌሊቱን ነድተን እንገባለን» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። ሌሊት መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ላይ የተኛ ከብት፣ ያለ ምልክት የቆመ ከባድ መኪና አለ፤ ሾፌሩም እንቅልፉን በጫት ይዞታል። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲመሽ የሚያድረው ያለ ነገር አይደለም። የመንገዱን ሁኔታም በዋዜማው ሳይሆን በተነሳችሁበት ጠዋት፣ ቀጥሎ ባለው ከተማ ላለ ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ደህና አይደለም ከተባለ እዛው ባላችሁበት ከተማ ሁለተኛ ሌሊት እደሩ። የሆቴል ሒሳብ ነው፤ ይከፈላል።

ለጠያቂዬ የጨመርኩለትን ላካፍላችሁና ላብቃ። ከአሜሪካ ሳትነሱ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ የወባ መከላከያ መድኃኒት አስጽፉ፤ ለልጆች በኪሎ ነው የሚታዘዘው፣ ከጉዞ በፊት ይጀመራል፣ ከተመለሳችሁም በኋላ እስከታዘዘው ቀን ይወሰዳል። ክሎሮኪን እዚህ ላለው ፋልሲፓረም አይሠራም፤ ከድሮ የተረፈ ኪኒን ይዛችሁ አትምጡ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በሰው ቁጥር ያዙ። ትንኝ የሚያባርረውን ቅባት ከ2 ወር በላይ ላሉ ልጆች መቀባት ይቻላል፤ እጃቸውንና ዓይናቸው አካባቢ ግን ተዉት፣ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ሲመሽ እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሷቸው። እርጉዝ ሴት ካለች ከሁሉም በላይ እሷ ቆላ አትደር።

አባትየው ትናንት መለሰልኝ። ዴዴሳን ትቶታል፤ ድልድዩ ጋ ጠዋት ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ልጆቹ ግን በድንኳኑ ነገር አልቅሰውበታል። «የአኮ ግቢ ሰፊ ነው፤ እዚያ ቡርቃ ጃቶ ብንተክለውስ?» አለኝ። ይቻላል አልኩት። ወለሉ የተሰፋ፣ መስኮቱ መረብ ያለው ድንኳን ይሁን፣ ዚፑን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ዝጉት፣ ትንሿ ግን ከአኮ ጋር ቤት ውስጥ አጎበር ሥር ትተኛ።