ቃል ባይኖረውም ይናገራል

መቼም በዘፋኝ ፍቅር ያላበደ ሰው የለም። እኔን የያዘኝ ግን ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው፤ የጌታቸው መኩሪያ የሣክስፎን «ሸለላ»። ስንት ዘመን አለፈ፣ ዛሬም አለቀቀኝም። ልቤ ሲሰንፍ እሱን እከፍታለሁ።

ሸለላ ጀግና ወደ ጦርነት ሲሄድ የሚያሰማው ነው። ጌታቸው ያንን የፉከራ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ለሣክስፎን ሰጠው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረ፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዐ አንበሳ»ን አወጣ። በ2016 ዐረፈ፤ ትንፋሹ ግን ይኸው አለ።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚራ የምትኖር አንዲት ወዳጄን ባሏ «ዝጊው አቦ! ምን ጩኸት ነው?» እያለ አስቸግሯታል። ለእሷ ግን የአባቷ ትዝታ ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ በረንዳ ላይ ሆነው ይሰሙት ነበር። በገንዘብ ያልተጣሉ ባልና ሚስት በዚህ የተነሣ ከተኳረፉ ሳምንት ሆናቸው።

ወንድሜ፣ «ዝጊው» ከማለትህ በፊት «ማንን ያስታውስሻል?» በላት። አንቺም እህቴ፣ እሱ ሊተኛ ሲል አትክፈቺው። አንድ ማታ አብራችሁ አድምጡና የአባትሽን ወግ አጫውቺው። ሙዚቃው ቃል የለውም፤ ቃሉን የምትጨምሪለት አንቺ ነሽ። ባል እንደሆን ያልነገሩትን አይሰማም!