የብሩሽ ዱካ ነውር አይደለም

አንዳንድ ሰዎች በዘይት ቀለም የተሣለ የአገር መልክ ሲያዩ፥ የብሩሹ ዱካ ጎልቶ ከታያቸው፥ «ይህ ያልተጨረሰ ሥራ ነው፤ ሠዓሊው ሰነፍ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ለእነርሱ መልካም ሥዕል ማለት እንደ መስተዋት የለሰለሰ፥ የሰው እጅ ያልነካው የሚመስል ነው። እኔ ግን ይህ ፍርድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው እላለሁ፤ የሚያስተምረው ድካምን መደበቅን ነውና።

እስቲ ነገሩን በማስረጃ እንመርምረው። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል በስቱር ወንዝ ውስጥ የቆመውን የድርቆሽ ጋሪ ሥሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ለንደን ላይ ባሳየ ጊዜ ገዢ አላገኘም። በቅጠል ላይ ብርሃንን ለማሳየት የሚያኖረውን የነጭ ቀለም ነጠብጣብም ተቺዎች «በረዶ» እያሉ አፌዙበት። ዳሩ ግን ያው ሥዕል በ1824 በፓሪስ የወርቅ ሜዳይ አስገኘለት።

ስንፍና ነው የሚሉትም ክሎድ ሞኔን ይመልከቱ። ይህ ሰው በ1890 እና በ1891 የእህል ክምር ደጋግሞ ሣለ፤ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር አንዱን ሸራ አኑሮ ሌላውን ያነሣ ነበር። ከእነዚህም 15ቱን በ1891 በአንድነት አሳየ። ሰነፍ ሰው ለክምር ይህን ያህል ይደክማልን?

«ጥላ ጥቁር ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም» የሚሉም አሉ። በበረዶ ላይ የወደቀ ጥላ ፀሐይ ባትደርስበትም የሰማዩ ብርሃን ስለሚደርስበት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጥላን ሁሉ በጥቁር የሚቀባ ሰው የሰማውን እንጂ ያየውን አልሣለም።

ቀለሙም ራሱ ይመሰክራል። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ስለዚህ ወፍራም ቀለም ብሩሹ የሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይኖራል።

እርግጥ ነው፥ ሻካራ ሁሉ እውነት አይደለም፤ መሣል ያልቻለም ከሻካራው ጀርባ ይሸሸጋል። መለያው ግን ቀላል ነው፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብንል፥ በእውነተኛው ሥዕል ዱካዎቹ ተሰብስበው ብርሃን ይሆናሉ፤ በሐሰተኛው ግን ቀለም እንደ ሆኑ ይቀራሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ገበሬ በፈሩ አያፍርም። ልጅህም ሜዳና ዛፍ ሥሎ ባመጣልህ ጊዜ፥ «አለስልሰው» ከማለትህ በፊት፥ «ብርሃኑ ከወዴት መጣ?» ብለህ ጠይቀው።