በቆርቆሮ ስለ ታሸገ ድራፍት ቢራ አጠባበቅና ስለ ነጋዴው ኀላፊነት

ከንግድ ጉዳት ሁሉ ለማወቅ የሚያስቸግረው፥ ዕቃው ሳይሰበር፥ ሳይሰረቅና ሳይፈስ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ዋጋውን የሚያጣበት ጉዳት ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ድራፍት ቢራ ከዚህ ዐይነት ዕቃ አንዱ ነው። ባለሱቁ ቆርቆሮ መሆኑን ብቻ አይቶ ከሰርዲንና ከቲማቲም ድልህ ጋራ ይደረድረዋል። ሸማቹም ለበዓል ብሎ አስቀድሞ ይገዛና ከምድጃው አጠገብ ያኖረዋል። ከፍቶ ሲቀምሰው ቅር ያለው እንደ ሆነ ግን የሚወቅሰው ምድጃውን አይደለም፤ የሸጠለትን ሱቅ ነው።

የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአገራችን ጠጪ ቢራን የሚያውቀው በተለይ በሁለት መልኩ ነው፤ አንዱ በጠርሙስ የታሸገው፥ ሁለተኛው ከበርሜል ተቀድቶ በጃምቦ የሚቀርበው ድራፍት ነው። የጠርሙሱ ቢራ ዘወትር ከታሸገ በኋላ በሙቅ ውሃ ይታከማል፤ ስለዚህ ወራት ይቈያል። የበርሜሉ ድራፍት ግን በተለምዶ በሙቀት ስላልታከመ በቀዝቃዛ ቦታ ተጠብቆ ቶሎ መጠጣት አለበት። ቢራ በቆርቆሮ ታሽጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ ነበር። ዛሬ በቆርቆሮው ላይ «ድራፍት» የሚል ጽሕፈት ሲገኝ ትርጉሙ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አንዳንዱ በሙቀት ሳይታከም እጅግ በረቀቀ ማጣሪያ ብቻ ተጣርቶ የታሸገ ነው። ሌላው፥ ለምሳሌ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 የወጣው የጊነስ ቆርቆሮ፥ በሙቀት ከታከመ በኋላ የበርሜሉን አረፋ እንዲያስመስል በውስጡ ናይትሮጅን የያዘ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተደረገበት ነው። ባለሱቁ የገዛው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አስመጪውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ አስመጪውም መልሱን ሳያውቅ ዕቃውን ማዘዝ አይገባውም።

የቢራ ጠላቶች ብርሃን፥ አየርና ሙቀት ናቸው። ቆርቆሮ ብርሃንን ፈጽሞ ይከለክላል፤ አየርንም በደኅና ይከላከላል። በሙቀት ላይ ግን ምንም ኀይል የለውም። በቢራ ንግድ ዘንድ የተለመደ አንድ ግምታዊ ስሌት አለ፤ ይኸውም ቢራ በ32 ዲግሪ ሙቀት በ3 ቀን የሚደርስበት እርጅና፥ በ22 ዲግሪ በ30 ቀን፥ በ3 ዲግሪ ደግሞ በ300 ቀን ይደርስበታል የሚል ነው። ስሌቱ ለሁሉም ቢራ በትክክል የሚሠራ አይደለም፤ የነገሩን መጠን ለማሳየት ግን ይበቃል። ያረጀ ቢራ መርዝ አይሆንም። መዓዛው ይጠፋል፥ ምሬቱ ይደበዝዛል፥ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕምም ያመጣል።

በዚህ ረገድ የሰሜን ሸዋ ነጋዴ ከብዙዎች ይልቅ ዕድለኛ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐበሻ ቢራ ፋብሪካም፥ የዳሸን ቢራ ፋብሪካም በዚያው ይገኛሉ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ይህች ከተማ ለቢራ ግን ብርዷን ያለ ዋጋ ትሰጣለች። ፀሐይ የማይገባበት ጓዳ ወይም የድንጋይ መጋዘን ያለው ባለሱቅ ለመብራት ብዙ ሳያወጣ ዕቃውን ሊጠብቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ቆርቆሮውን በደጅ ማሳደር ስሕተት ነው፤ ቢራ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል፥ ቆርቆሮውም ይነፋል።

ይህ የብርድ ሀብት አንኮበር ላይ ያበቃል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዞ አንኮበር የደረሰ መኪና ቍልቍለቱን ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ አየሩ በጥቂት ሰዓት ይለወጣል። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከቈላ ጨው ጭነው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በአልዩ አምባ ገበያ ያራግፉ ነበር፤ እነርሱ የቈላውና የደጋው ልዩነት ለየትኛው ዕቃ እንደሚስማማ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የዛሬው አከፋፋይ ግን ለደጋውም ለቈላውም ባለሱቅ የአንድ ወር ድራፍት በአንድ ጊዜ ቢያራግፍለት፥ ለአንዱ የሚበቃ ጊዜ ለሌላው ኪሳራ ይሆናል። የቈላው ባለሱቅ ጥቂት በጥቂት፥ በየሳምንቱ ሊያዝ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እጅን የሚያታልለው ቆርቆሮ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ቢራ ሳምንታት በባሕር ላይ ይቈያል፤ ከዚያም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ ወደብ በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ኋላ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ሸማቹም ሲዳስሰው ቀዝቃዛ ነውና ትኩስ ምርት ይመስለዋል። ያለፈውን ሙቀት ግን ብርዱ አይመልሰውም። እውነቱን የሚናገረው ቀኑ ብቻ ነው፤ ቀኑም በቀላሉ አይነበብም። በቆርቆሮው ሥር «03/05/26» ተብሎ ቢጻፍ ለአውሮፓዊው ሚያዝያ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ለአሜሪካዊው የካቲት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በችኰላ በኢትዮጵያ ዘመን የቈጠረው ሰው ደግሞ ገና 8 ዓመት የቀረው ይመስለዋል።

ስለዚህ አስመጪዎችና አከፋፋዮች በእያንዳንዱ የሽያጭ ደረሰኝ ላይ ቢራው የታሸገበትንና ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ቢጽፉ ተገቢ ነው። ሥራው አንድ መስመር ቀለም ነው። ይህ ሲባል «እንግዲያው የቈየውን ዕቃ ማን ይገዛናል?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ፥ የቈየ ዕቃ ቈይቷል ተብሎ በተቀነሰ ዋጋ ይሸጥ የሚል ነው። ዛሬ ግን በመርከብ፥ በወደብና በመጋዘን የባከነውን ጊዜ ሁሉ በመጨረሻ የሚከፍለው ከሁሉ ያነሰ ትርፍ ያለው የገጠር ከተማ ባለሱቅ ነው፤ ይህ ፍትሕ የጐደለው አሠራር ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የቢራ ስም የሚነሣውም የሚወድቀውም በብርጭቆው ውስጥ ነው። ቢራችንን ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎችም ያንኑ ቈላና ያንኑ ወደብ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚያልፉ ነገሩ እነርሱንም ይመለከታል።

ባለሱቁ ለሸማቹ የሚነግረው ብዙ አይደለም። ቆርቆሮው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከእርጥብ መሬት ይራቅ፤ ከምድጃ አጠገብ፥ ከማቀዝቀዣው ጀርባና በፀሐይ ከቆመ መኪና ውስጥ አይኑር። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ እንደ ገና ቢገባ ያ ብቻውን አያበላሸውም፤ የሚጐዳው ሙቀቱና የሙቀቱ ርዝመት ነው። የተከፈተ ደግሞ አይቀመጥም። ለሰሜን ሸዋ እመቤት ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንባትም። ድፍድፏን በጋኑ አፍና ታቈያለች፤ እንግዳ ሲመጣ የሚበቃውን ያህል ብቻ ትጠምቃለች፤ የተጣራው ጠላ እንደማይከርም ታውቃለችና። ድራፍቱንም ለፋሲካ የሚያስፈልገውን በሰሙነ ሕማማት እንድትገዛ እንጂ በዐቢይ ጾም መግቢያ እንዳትገዛ ቢነግራት፥ ባለሱቁ የዚያን ወር ሽያጩን ጥቂት ያዘገያል እንጂ አያጣውም።